የለም ያልኩት ክኒን

ፈቲያ ጠይቃኛለች። ሌላው ወሬ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ቡታጅራ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቴ አምስት ሱቅ አለፍ ብሎ ባለው መድኃኒት ቤቷ፣ ካርቶኑን በእጇ እንደያዘች «ጋሽ ከድር፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላኛለች። እኔም «የለም» ብያታለሁ። በዚህች በአንዲት ቃል ምክንያት ኩላሊቴን ላጣ ነበር፤ የሰው ልጅም እንጀራዋን አጣች።

ስሜ ከድር ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የበርበሬ ወፍጮ አለኝ። መስቃን ውስጥ በርበሬ የሚያመርት ገበሬ ሁሉ ያውቀኛል፤ ምላሴም ከበርበሬው እንደማያንስ ያውቃል። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ሐኪም ሊነግራችሁ የማይችለውን ነው፤ በሽተኛ እንዴት አድርጎ እንደሚዋሽ። እሱን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሸምሱ መርካቶ ይነግዳል። የአጎታችን ልጅ ሱቁ ውስጥ እንደቆመ ወድቆ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው፣ ሸምሱ ደነገጠና «አንተም ሳትወድቅ ትመረመራለህ» ብሎ እየጎተተ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። እኔ ምንም አያመኝም ነበር። ደሜን ቀዱ። በማግስቱ ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ «ኮሌስትሮልዎ በዝቷል» አለኝ። በደም ውስጥ የሚዞር ቅባት ነው፤ ሲበዛ የደም ሥር ላይ እየተለጠፈ መንገዱን ያጠባል አለ። ሲምቫስታቲን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ፤ ማታ ማታ አንድ። «ቅቤና ጮማም ይቀንሱ» ብሎ ጨመረበት። እሺ አልኩ። ጉራጌ ቅቤ ቀንስ ሲሉት እሺ ይላል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ይበላል።

እኛ ዘንድ አረፋ ማለት ዓመቱን ሙሉ የተበተነው ቤተሰብ የሚሰበሰብበት በዓል ነው። ነጋዴው ሁሉ ካለበት ከተማ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ በሬ ይታረዳል፤ ክትፎው በጣባ ሆኖ ቅቤው ላዩ ላይ እየተንጣለለ ይቀርባል። በእኛ ቤት ደግሞ ታላቅ የሆነው ዱዓ አድርጎ ሳይቀምስ ማንም እጁን አይሰነዝርም። አባታችን ካረፈ ወዲህ ታላቁ እኔ ነኝ። እንግዲህ አስቡት። ባለቤቴ ዘምዘም ያለችውን የማትመልስ ሴት ናት። ቅቤ እንደተከለከልኩ ብትሰማ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ወንድምና አማች እያየ ከፊቴ ጎመን ነበር የምታስቀምጠው። ጎመን! ወላሂ ከዚያስ ሞቴን እመርጣለሁ እል ነበር። እንዲያ ስል ሞት ምን እንደሆነ የት አውቄው።

ስለዚህ ደበቅሁት። ክኒኑን ሸምሱ በሰው እጅ ይልክልኛል፤ «ለዘምዘም እንዳትነግራት፣ ትጨነቃለች» ብዬ አፉን አስይዤዋለሁ። የማስቀምጠው ወፍጮ ቤት፣ የመፍቻዎቹ ሳጥን ውስጥ ነው። ማታ ልዘጋ ስል አንዷን እውጥና አፌን ጠርጌ ቤቴ እገባለሁ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖርኩ። ቡታጅራ ውስጥ አንድም መድኃኒት ቤት ይህን ክኒን ሸጦልኝ አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ብሼ መድኃኒቱን ራሱን ደበቅሁት።

አረፋ ሲቃረብ ጨጓራዬ ተነሳ። ከደረቴ ሥር እሳት የተለኮሰ ይመስል ያቃጥለኛል፤ ውሃ እንኳ ሲወርድ ይታወቀኛል። የበዓሉን ክትፎ በምን ሆድ ልበላው ነው ብዬ ሮጥኩ እንጂ ሕመሙንስ እችለው ነበር። አንድ ክሊኒክ ገባሁ፤ ሰገራ መርምረው «የጨጓራ ባክቴሪያ ነው» አሉኝ። ለአሥራ አራት ቀን ሦስት ዓይነት መድኃኒት ተጻፈልኝ። አንዱ አሲዱን የሚቀንስ ነው፤ ሁለቱ ባክቴሪያውን የሚገድሉ አንቲባዮቲኮች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ክላሪትሮማይሲን ይባላል። ይህን ስም ያኔ ማንበብም አልችልም ነበር፤ ዛሬ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ ሳልንተባተብ እጠራዋለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ፈቲያ ጋ ሄድኩ። ፈቲያን ከልጅነቷ አውቃታለሁ፤ አባቷ ሁሴን ጎረቤቴ ነው። የእናቷን በርበሬ ለማስፈጨት ስትመጣ እያስነጠሰች ከበር ትቆም ነበር። ተምራ፣ ፋርማሲስት ሆና፣ በራሷ ስም መድኃኒት ቤት ስትከፍት ከአባቷ እኩል ኮርቻለሁ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ቤቱ ሞልቷል። ከኋላዬ ሁለት የሰፈራችን ሴቶች ቆመዋል፤ አንደኛዋ የዘምዘም የእድር ጓደኛ ናት፤ የሰማችው ወሬ እሷ ጋ አያድርም። ፈቲያ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትለኝ፣ መጀመሪያ የታዩኝ የዚያች ሴት ጆሮዎች ናቸው።

«የለም» አልኳት።

እሷ ግን አልተወችኝም። «የግፊት? የስኳር? የኮሌስትሮል? ምንም?»

«ምነው ልጄ፣ አስረጀሽኝ እኮ!» አልኳት። «እኔን እኮ ውስጤን በርበሬ አጥቦታል፤ የትኛው ቅባት ነው እኔ ሆድ ውስጥ የሚያድር?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ፈቲያም ሳቀች፤ እኔም በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ጠዋትና ማታ፣ እንዳያቋርጡ» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ፣ ሁለት ጊዜ ዋሽቻት፣ አመስግኜ ወጣሁ።

አረፋ መድኃኒቱን በጀመርኩ በስድስተኛው ቀን ገባ። ጨጓራዬ ጋብ ብሎልኛል፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሸምሱ ከነልጆቹ መጣ። በሬው ተጣለ፤ እግሩን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ክትፎው ቀረበ፤ ዱዓ አደረግሁ፤ ቀመስሁ። እዚህ ላይ ሌላ ዕውቀት አመጣሁ። ለዘወትሩ ቅቤ አንድ ክኒን የሚበቃ ከሆነ ለአረፋ ቅቤ ሁለት ያስፈልጋል ብዬ አሰላሁ። ማንም አልመከረኝም፤ ከራሴ ያመነጨሁት ነው። ወፍጮ ቤቱ ለበዓል ስለተዘጋ አንድ እሽግ ክኒን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ፣ አራት ቀን ሙሉ ሁለት ሁለት ዋጥሁ። ክትፎውንም ያለ ስጋት በላሁ። እንዲህ በብልጠቴ ተደስቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጭኔን ያመኝ ጀመር። በሬው ያስታገለኝ ነው አልኩ። በማግስቱ ትከሻዬም ተጨመረ፤ ሸሚዝ ለማውለቅ እጄን ማንሳት አቃተኝ። ሸምሱ «አረጀህ!» ብሎ ሳቀብኝና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ከዚያ መስጊድ ሱጁድ ወርጄ መነሳት አቃተኝ። ግንባሬ ምንጣፉ ላይ እንደሆነ ሰው ሁሉ ተነስቷል፤ የእኔ እግር የሌላ ሰው እግር ሆኖ አልሰማ አለኝ። ከግራና ከቀኝ ሁለት ሰዎች በብብቴ ገብተው አነሱኝ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ዘምዘም ወደ ሌላ ክሊኒክ ወሰደችኝ። እዚያ ታይፎይድ ነው ተባልኩ፤ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ለሦስት ቀን ተወጋሁ። ያ ዓይነት መርፌ ለተጎዳ ኩላሊት እንደማይስማማ በኋላ ነው የሰማሁት። መርፌው ሲያበቃ ሕመሙ ብሶ ተመለሰ። ቀጥሎ ወጌሻ መጣ። «ጅማቱ ተሳስቧል» አለና በቅቤ እያለሰለሰ ጭኔን ያሽ ገባ። እየፈረሰ ያለ ጡንቻ ሲታሽ ምን እንደሚመስል ጠላቴም አይወቀው። እናቴን ስጠራ ሰፈሩ ሰማኝ። በልቤ «ቅቤ ሆይ፣ በአፌ ስትገቢ አልበቃ ብሎሽ በቆዳዬም መጣሽ?» እል ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለቱንም መድኃኒት አላቋረጥኩም። የፈቲያን ካርቶን ዘምዘም በሰዓቱ እያየች ታውጠኛለች። የኪሴን ደግሞ እሷ ወጣ ስትል እኔ እውጣለሁ።

ከዚያ ሽንቴ ጠቆረ። መጀመሪያ ሻይ መሰለ፤ በማግስቱ ኮካ ኮላ ሆነ። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን «የወፍ በሽታ ነው፤ ቅጠል የሚያጠጣ ሰው አውቃለሁ» አለች። ዘምዘም የሸናሁበትን ባልዲ አንስታ ወደ ብርሃን ወሰደችው፤ አየችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ቅጠልም ወጌሻም አልፈልግም» አለች። ባጃጅ ጠርታ ከሰው ጋር አንስታ ጫነችኝና የከተማው ሆስፒታል ወሰደችኝ። ዛሬ በሕይወት ካለሁ ያቺ ባልዲ በእሷ እጅ ስለወደቀች ነው።

ድንገተኛ ክፍሉ ኮሪደር ላይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋድም ብዬ ጠበቅሁ። አጠገቤ ልጇን ያቀፈች ሴት ነበረች፤ ሳትጠይቀኝ ነጠላዋን አጣጥፋ ከጭንቅላቴ ሥር አደረገችልኝ። ስሟን አላወቅሁም። ያለ ነጠላ በብርድ ቁጭ ብላ ልጇን ስታባብል አስታውሳለሁ።

ወጣት ሐኪም መጣ። ሽንቴን አየ፤ ጭኔን ጫን ሲለው ጮኽኩ። «አባባ፣ ምን ምን መድኃኒት እየወሰዱ ነው?» አለኝ። ዘምዘም የፈቲያን ካርቶን ሰጠችው። ሁለት ፍሬ ነበር የቀረው። አነበበና ቀና ብሎ «ከዚህ ሌላስ?» አለ።

ዘምዘም «ሌላ የለውም ዶክተር» አለች።

«አባባ፣ እርስዎን ነው።»

ዘምዘምን አየኋት። እንቅልፍ ካጣች ሦስት ቀኗ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ እውነቱ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ሳለ አሁንም ጎመኑ ታየኝ። እፍረት ይዞ ሰው እንዴት ሊሞት እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ። ሐኪሙ ካርቶኑን አስቀምጦ «እዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር ይገድላል» አለኝ፤ ጮክም አላለ። ጃኬቴን በአገጬ አሳየኋት። ዘምዘም ኪሱ ውስጥ እጇን ከታ የክኒኑን እሽግ አወጣች።

«ይሄ ምንድነው ከድር?»

ሐኪሙ ተቀብሏት አየና «ሲምቫስታቲን» አለ፤ አለና ዓይኑን ጨፈነ። «ይህንን ከዚህኛው ጋር?» ከእጁ የሚነጥቀው ያለ ይመስል ሁለቱንም መድኃኒት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።

በኋላ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ጉበታችን የዋጥነውን መድኃኒት እየፈጨ ያስወግዳል። ያ ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የኮሌስትሮሉን ክኒን የሚፈጨውን የጉበት ሥራ ያስቆማል። ክኒኑ ሳይወጣ በየቀኑ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛ ጡንቻን ያፈራርሳል፤ የፈረሰው ጡንቻ ደግሞ ኩላሊት ላይ ይደፋል። ሽንቴን ያጠቆረው የራሴ ጡንቻ ነው። ወፍጮ ስላለኝ ገባኝ። እርጥብ በርበሬ ስትጨምርበት ወንፊቱ ይደፈናል፤ ማሽኑ ግን መዞሩን አያቆምም፤ ይቃጠላል። እኔ ደግሞ ወንፊቱ በተደፈነበት ሰሞን እጥፍ አድርጌ ጨመርኩበት።

«አጥፍቻለሁ፤ ሁለት ሁለት ዋጥሁ» አልኩት።

«ለምን?»

«ለክትፎው።»

አልሳቀም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም ያልኩት።

በዚያው ቀን በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ፤ ኩላሊቴ ሥራ አቁሟል፤ ሽንት የሚባል ጠፋ። ደሜ በማሽን መታጠብ ነበረበት። ሐኪሞቹ የነገሩኝ ይህን ነው፤ ኩላሊቱ ከተጎዳበት ተነስቶ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል፤ ካልተመለሰ ዕድሜ ልክህን እጥበት ነው። ወጪውን ሸምሱ ቻለው። ስንት እንደሆነ ስጠይቀው «ዝም በል» ብሎኝ ይነሳል። እሱም አፉን ያስያዝኩት ጊዜ ትዝ እያለው አንገቱን ደፍቶ ነበር የከረመው።

የእጥበት ቤቱ መጠበቂያ ክፍል እንደ ሌላው አይደለም። ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ስለሚመጣ ይተዋወቃል፤ ወንበሩ ሳይቀር የየራስ ይሆናል። ከእኔ ቀጥሎ የሚቀመጡት የወልቂጤ ጡረተኛ መምህር ነበሩ፤ ጴንጤ ናቸው። «ወንድም ከድር፣ አንተ በዱዓህ አስበኝ፣ እኔም በጸሎቴ አስብሃለሁ፤ ከሁለት አንዱ ይሰማል» ይሉኛል። ቸሃ ስላለው የእንሰት ጓሯቸው ያወሩኛል። አንድ ማክሰኞ ወንበራቸው ባዶ ሆነ። ነርሷን ዓይኗን አየሁና አልጠየቅኋትም። ሐሙስ ዕለት ሌላ ሰው ተቀመጠበት። ያን ሰሞን መብራት ሲጠፋ መተኛት አቃተኝ፤ ሰውነቴ በውሃ አብጦ፣ ቀጣዩ ባዶ ወንበር የእኔ ነው እያልኩ ጣራ ሳይ አድር ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ሽንት መጣ። ትንሽ ናት፤ የሻይ ብርጭቆ አትሞላም፤ ግን ቢጫ ናት። ፕላስቲክ ጠርሙሱን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ዘምዘም ቡታጅራ ሄዳ ነበር፤ ደወልኩላት። «መጣ» አልኳት። «ማን መጣ?» አለች። «ሽንት!» አልኳት። ስልኩ ውስጥ እልል ስትል የአልጋው ጎረቤቶቼ ሰሙ።

ዘምዘም ግን በዚያው ስልክ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ዘመዶቻችን ተሰብስበው ፈቲያ መድኃኒት ቤት ሄደው ነበር። የወንድሞቼ ልጆች ባንኮኒውን እየደበደቡ «ሳትጠይቂ ሰጥተሽ አጎታችንን መረዝሽው» ብለዋታል። ከኋላዬ ተሰልፈው ከነበሩት ሴቶች አንደኛዋ፣ ያቺ ወሬኛዋ፣ «እኔ ነበርኩ እኮ፤ እየተሳሳቀች ነው የሰጠችው» ብላ መስክራባታለች። በሳምንቱ ገበያው ሁሉ ወሬውን ይዞት ነበር። ሰው ልጁን እንኳ ወደዚያ አይልክም። ፈቲያ ሁለት ሳምንት ታግላ ቤቱን ዘጋች፤ ወልቂጤ እህቷ ዘንድ ሄደች።

«እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ አትጠይቅህም?» አለችኝ ዘምዘም።

አሁን እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ነበር። አልተናገርኩም። ዘምዘም ደክሞኝ መሰላት፤ «እረፍ በቃ» ብላ ዘጋችው።

ክኒን መደብቄን ሁሉም ያውቃል። መጠየቄን ግን፣ ሴቶቹም የያዙት ሳቁን ብቻ ነውና፣ ከእኔና ከፈቲያ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር የማስበው። ክኒን የደበቀ ሰው ሞኝ ይባላል፤ ይታዘንለታል። በግልጽ ተጠይቆ ሰው እያሳቀ የዋሸ ሰው ግን ምን ይባላል? ስለዚህ ሞኝ መባሉን መረጥኩ። ቡታጅራ ተመልሼም፣ ጠያቂ እየመጣ «ያቺ ልጅ ጉድ ሠራችህ» ሲለኝ «የአላህ ቁጣ ነው» እያልኩ አሳለፍኩ። አራት ወር!

እግሬ አልተመለሰም። ኩላሊቴ ድኗል፤ እጥበት ካቆምኩ ቆየሁ፤ ግን ዛሬም ደረጃ ስወጣ ግድግዳ እይዛለሁ፤ ቁጢጥ ማለት የለም፤ መስጊድ የምሰግደው ከኋላ፣ ወንበር ላይ ነው። አንድ ጁምዓ ሶላት አልቆ ሰው ሲወጣ ጫማዬን ለማጥለቅ ስታገል፣ አንድ ሰው መጥቶ ከፊቴ በርከክ አለ። ቀና ሲል ሁሴን ነው፤ የፈቲያ አባት። ጫማዬን አጠለቀልኝ፤ ማሰሪያውን አሰረልኝ። «አፊያህ እንዴት ነው?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። ልጁ እንጀራዋን ያጣችበትን ሰው እግር ይዞ «አፊያህ እንዴት ነው?»

እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ እጁን ያዝኩት። ድምፄ ከአቅሜ በላይ ወጣ። «ሁሴን፣ ልጅህ ጠይቃኛለች። ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። የለም ያልኳት እኔ ነኝ።» ሊወጡ ያሉት ሰዎች ቆሙ። ሁሴን እጁን ከእጄ አላቀቀ። «እስከ ዛሬ?» አለ። ጫማውን አደረገና ወጣ።

ቤት ገብቼ ለዘምዘም ነገርኳት። ይዛው የነበረውን ሳህን አስቀመጠች። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እንዲያ ስረግማት አፌን ያልያዝከኝ ሰውዬ!» አለች፤ አለቀሰችም። በማግስቱ ግን ጋቢዬን አዘጋጅታ «ተነስ፣ ወልቂጤ ነው የምንሄደው» አለችኝ።

ለእናንተ ለምታነቡት አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። የኮሌስትሮል ክኒን ክፉ አይደለም፤ ብዙ ሰው ከመውደቅ ያተርፋል፤ ይህን አንብባችሁ በገዛ እጃችሁ እንዳታቆሙት። ብናገር ኖሮ ፈቲያ ለሐኪሙ ደውላ ሌላ አንቲባዮቲክ ታስለውጥልኝ ነበር፤ ወይም ሐኪሙ የኮሌስትሮሉን ለሁለት ሳምንት ያሳርፈኝ ነበር። ያ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «ሌላ የምትወስደው አለ?» ስትባሉ ከኋላችሁ ማንም ይቁም፣ ተናገሩ። ካፈራችሁ ወደ ጆሮዋ ጠጋ በሉና በሹክሹክታ ተናገሩ።

መንገዱ በተራራው በኩል ነው፤ ሚኒባሱ በነጠረ ቁጥር ጭኔ ይወጋኛል። አረቅጥ ላይ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ዘምዘም መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ወልቂጤ ደርሰን ሱቁን አገኘነው፤ የፈቲያ እህት የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች። ፈቲያ ከበሩ ላይ ባልዲ እየደረደረች ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የተማረች ልጅ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኳት። ቀና ስትል ፊቷ አመድ መሰለ። ሰላምታውን መለሰች፤ በርጩማም አቀረበችልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ልጄ፣ ጠይቀሽኛል» አልኳት።

እጇ ባልዲው ላይ እንዳለ ቀረ። «ምን አሉ?»

«ሌላ መድኃኒት አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ዋሸሁሽ።»

«ጠይቄዎት ነበር?» አለች። የምትጠይቀኝ የምሯን ነው። «ጋሽ ከድር፣ እኔ ሁሉንም ሰው እጠይቃለሁ። ግን የዚያን ቀን ገበያ ነበር፤ ሰው በዝቶ ነበር። ሁሉም አልጠየቅሽም ሲለኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ ይሆናል ማለት ጀመርኩ። መሳቃችን ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። በምን እንደሳቅን ግን ጠፋኝ። ሰው ልገድል ስል እስቅ ነበር እያልኩ ነው የከረምኩት።»

ያን ቀልድ ነገርኳት። በርበሬ አጥቦኛል ያልኩትን፣ ቃል በቃል። ዘምዘም ከጎኔ ፊቷን አዞረች። ፈቲያ አልሳቀችም።

«ከዚያ በፊት የኮሌስትሮል አለዎት ብዬ ነበር?»

«በስሙ ጠርተሽዋል። ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅሽኝ።»

«ሁለቴ?»

«ሁለቴ።»

አንዱን ባልዲ ደፍታ ቁጭ አለችበት። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ ገበያተኛው እያየን ያልፋል። «አፉ በይኝ ልጄ» አልኳት። ነገ ቡታጅራ ገበያ መሃል ቆሜ እናገራለሁ፤ ዘመዶቼን ይዤ መጥቼ ወደ ቤትሽ እመልስሻለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «እዚያ አልመለስም» አለች።

ፊቷን ጠረገች፤ ተነሳች። እግሬን አየች፤ ግድግዳውን የያዘውን እጄን አየች።

«አሁን ምን ምን ነው የሚወስዱት?» አለችኝ።

ከደረት ኪሴ ወረቀቴን አወጣሁ። አንድ በአንድ አነበብኩላት፤ የግፊቱን፣ ቫይታሚኑን፣ አንዳንድ ቀን ለራስ ምታት የምውጣትን ፓራሲታሞል ሳይቀር። አንዱን ስሙን አበላሽቼ ስጠራው አረመችኝ። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ፣

«ሌላስ?» አለች።

ዘምዘም አየችኝ።

«ወላሂ ሌላ የለም» አልኳት።